የጥቅምት አሥራ አራት ወረቀት

አካለ ወልድ ቢቸና የገባው በ1982 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ሰዉ ታቦት ሊያነግሥ ወጥቶ መንገዱ ጭር ብሏል። ከደጀን ጀምሮ ላንድሮቨሩ አቧራ ሲያስቅመው ስለዋለ ጉሮሮው ደርቋል፤ ግን ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ለሥራ ተጣድፎ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቶ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አዲስ አበባ፣ እሱ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ለሚሠራበት ዋና መሥሪያ ቤት የደረሰው ቴሌግራም ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። «የቢቸና ኮምፒዩተር እየወደቀ ነው። ኦፕሬተሯ ታስራለች።»

ዋናው መሥሪያ ቤት ቴሌግራሙ ሲነበብ፣ ጠረጴዛው ጠብቦት ይሆናል የሚወድቀው ብሎ የቀለደ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አካለ ወልድ አልሳቀም። የኮምፒዩተር መውደቅ ማለት እየሠራ ሳለ ድንገት ቀጥ ብሎ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ጥሎ ዝም ማለቱ ነው። እሱን አጥፍቶ ማስነሣት ይቻላል። በዚያ ዘመን የታሰረን ሰው ማስነሣት ግን የማንም ሥልጣን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት በውጭ እርዳታ ሁለት ኮምፒዩተሮች አግኝቶ አንዱን ቢቸና፣ አንዱን ሞጣ አስቀምጧል። እያንዳንዱ ገበሬ ከነቤተሰቡ፣ ከነመሬቱ፣ ከነበሬው እዚያ ውስጥ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ሐሳብ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በወጉ ለማከፋፈል ነበር። በጥቅምት ወር ከውጭ አዲስ ሲስተም መጣ፤ የማሽኑን ጠቅላላ አሠራር የሚመራው ፕሮግራም ማለት ነው። አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን የጫነው ራሱ አካለ ወልድ ነው፤ ጥቅምት አሥራ አራት ቢቸና፣ ጥቅምት አሥራ ስድስት ሞጣ። ጫነ፣ ሞከረ፣ ሠራ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ።

ኅዳር አራት ቀን ትእዛዝ መጣ። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ የሆኑ የገበሬ ልጆች ስም ከመዝገቡ ወጥቶ ለብሔራዊ ውትድርና ይሰጥ ተባለ። ማዳበሪያ ይሰጠናል ብለው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ያስመዘገቡት አባቶች ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሞጣ ዝርዝሩን በሁለት ቀን አወጣ። ቢቸና ግን ማሽኑ ይጀምራል፣ ቀጥ ይላል፤ ይጀምራል፣ ቀጥ ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ኦፕሬተሯ ይርጋነሽ፣ አዳሙ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድም አላት፤ ስሙም መዝገቡ ውስጥ አለ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ፈረደ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። አሻጥር ነው አለና አሳሰራት። የዚያን ጊዜ አሻጥር ተብሎ የታሰረ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ሲያመላልስ ሰንብቶ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባል ነበር።

«እስከ ዓርብ ነው፣» አለው ጓድ ፈረደ፣ እንኳን ደህና መጣህ እንኳ ሳይለው። ኮሌታው የተቆለፈ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። «ዓርብ ዝርዝሩንም ጥፋተኛውንም ይዤ ደብረ ማርቆስ እገባለሁ። ማሽኑን የጣለውን ሰው ስም ትጽፍልኛለህ።»

«ጓድ፣ የጣለው ሰው ባይኖርስ?»

«ያኔ የጫነው ሰው ይጠየቃላ።»

አዲስ አበባ ሚስቱ ባንቺዓለም ሦስተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ያን ዕለት ከጓድ ፈረደ ፊት ቆሞ ያሰበው ስለ ማሽኑ አልነበረም።

ይርጋነሽን አምስት ደቂቃ እንዲያነጋግራት ተፈቀደለት። ከእስር ቤቱ በር ላይ፣ ዘበኛ አጠገባቸው ቆሞ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ ልክ ቢሮ እንደሚገናኙ ሁሉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። መንገዱ ደህና ነበር?»

«ደህና ነው። ይርጋነሽ፣ ማሽኑን ምን አደረግሽው?»

«እንዳስተማሩኝ ነው ጋሼ። ከወረቀቱ ዝንፍ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት እንደ ዳዊት ነው የምደግመው።»

ወረቀቱ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሲስተሙን በጫነ ዕለት የአከፋፈቱን ደንብ በዐሥር መስመር ጽፎ፣ ከሥሩ ካርቦን አድርጎ ሁለት ቅጂ አውጥቶ ነበር፤ ዋናው ለቢቸና፣ ካርቦኑ ለሞጣ። የቢቸናው ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«እስቲ አስታውሺ። ዝርዝሩ ከመጠየቁ በፊት ያስቸገረሽ ነገር የለም?»

«ሁለት ቀን ብቻ። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ። ጠዋት ስከፍተው አልቀበልም አለኝ፤ ሥራውን በእጅ ሠራሁት። ኅዳር አንድ ቀን ምንም ሳላደርገው ራሱ ተከፈተ። የዕለት መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ለምን ለእኛ አላሳወቅሽም?»

«ዳነ ብዬ ነዋ ጋሼ። የዳነ ነገር ምን ብዬ ላሳውቅ?» ዘበኛው ሰዓቱን አየ። እሷም አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥፋት አጥፍቼ ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ያጠፋሁትን ባውቀው ይሻለኛል።»

«አገኘዋለሁ፣» አላት። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር።

ያን ከሰዓትና በማግሥቱ ሙሉ ቀን ማሽኑን ገልጦ አገላበጠው። የጄኔሬተሩን ኃይል ለካ፤ ደህና ነው። ገመዶቹን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ይዞ የመጣቸውን ዲስኮች ከተጫነው ሲስተም ጋር አንድ በአንድ አስተያየ፤ አንድ ናቸው። ይርጋነሽ ከታሰረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን የምትከፍተው ፈንታነሽ የምትባል ታይፒስት ናት፤ ወረቀቱን ቀና ብላ እያየች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከፍተዋለች። እሱ ከሆቴል ሲመጣ ማሽኑ ተነሥቶ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያች በጠዋቷ ሥራ ነበር፤ እሱ ግን ያቺን ሥራ እንደ ታይፒስት ሥራ ስለሚቆጥራት ቆሞ አላያትም።

ረቡዕ ማታ አካባቢ አንድ ነገር ያዘ። ከጥቅምት አሥራ አራት ወዲህ የተጻፈ የገበሬ መዝገብ ሁሉ ይከፈታል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ግን አንዱም አይከፈትም፤ ገና ሲነካ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ዝርዝሩ ደግሞ የድሮውን መዝገብ ሁሉ ሳያገላብጥ አይወጣም። አዲሱ ሲስተም የድሮውን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶታል ብሎ ሊደመድም ሆነ። ታዲያ ሞጣ እንዴት አነበበ? ያው ማሽን፣ ያው ሲስተም፣ የጫነው ያው እጅ። ሐሙስ እስከ ቀትር እንደገና ሲፈትሽ ቆይቶ ላንድሮቨሩን አስነሥቶ ወደ ሞጣ ነዳ።

የሞጣው ኦፕሬተር ኃይለ ጊዮርጊስ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ድሮ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር፤ የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀን የሚያወጣውን የቤተ ክህነት ስሌት። ጊዜው ሲለወጥ ተማሪው ተበተነ፤ እሳቸውም ቁጥር ያውቃሉ ተብለው ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። ቢሮ ውስጥም ቢሆን «የኔታ» የማይላቸው የለም። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ኪቦርዱን በአንድ ጣት፣ ያለ ጥድፊያ፣ አንዲትም ሳይሳሳቱ ይመቱታል።

አካለ ወልድ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ከግድግዳው ላይ ተተከለ። የካርቦኑ ቅጂ እዚያ ነው። ሦስተኛው መስመር «ቀን ሲጠይቅ የዕለቱን እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ 14/2/82» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ በጥንቃቄ «24/10/89» ተጽፏል።

«የኔታ፣ ይህን ማን ነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኛ። ብዕር ስቶህ መስሎኝ። የፈረንጅ ማሽን ስለ እኛ ቀን ምን ያውቃል ብለህ ነው? በየጠዋቱ በልቤ አስልቼ የፈረንጁን እሰጠዋለሁ። አጠፋሁ እንዴ?»

አካለ ወልድ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣለት። አሮጌው ሲስተም ቀኑን ከማሽኑ ባትሪ ይወስድ ነበር፤ ያንን የሞሉት ፈረንጆች ናቸው። አዲሱ ግን ጠዋት ሲከፈት አንዴ ቀኑን ከሰው ይጠይቃል፤ ከዚያ ወድቆ ቢነሣም ያንኑ ይዞ ይውላል። ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ቢቸና ቁጭ ብሎ ሲጭን፣ ማሽኑ ሲጠይቀው እንደተማረው የፈረንጁን ቀን መታለት። ወዲያው ዞሮ ለኦፕሬተሮቹ ሲጽፍ ግን እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ቀን ጻፈ። ይርጋነሽ እንደተነገራት በየቀኑ የአገሯን ቀን ስትሰጠው ማሽኑ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ በፈረንጅ 1989 የተጻፈ መዝገብ ሲያይ፣ ገና ካልደረሰ ቀን የመጣ የተበላሸ ጽሑፍ ነው ብሎ ራሱን ይዘጋል። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳም ለዚህ ነው እንቢ ያላት። ሁለተኛውን ወር የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ያ ወር በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነበረው። እሷ ይህንንም ነግራው ነበር። ማስታወሻው ላይ ጽፎ አልፎታል።

ለየኔታ ሁሉንም ነገራቸው፤ መታሰሯንም፣ ጓድ ፈረደ ያለውንም። ሽማግሌው እስኪጨርስ አዳመጡት።

«አየህ፣ እዚህ እኔ አረምኩልህ፣» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ማን ያርምላት? ልጅቱ ትእዛዝ ፈጸመች እንጂ ምን አደረገች?»

«አውቃለሁ የኔታ።»

«እንግዲያው ሂድና እኔ ነኝ የጻፍኩት በል። ሌላ ነገር አትጨምርበት። ሌላ ከጨመርክ ይጠፋብሃል።»

«እላለሁ የኔታ።»

ከአመሻሽ በኋላ መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ስለነበረ ሞጣ አደረ። ዓርብ ጠዋት ደብረ ወርቅን እስኪያልፍ ድረስ የሚለውን በልቡ ሲያጠና ነበር። «ጓድ፣ ስህተቱ የእኔ ነው።» አጭርና ግልጽ ነው። ቢቸና ሲቃረብ «ስህተቱ ከመመሪያው ነው» የሚል ሌላ መጣለት። ከከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ «ስህተቱ የጋራ ነው» ሆነ። ሰው ሦስት ሰዓት ባልሞላ መንገድ እንደዚህ ሊያንስ ይችላል።

ፈንታነሽ አርፍዳ ገና አልገባችም። ማሽኑን ራሱ ከፈተው። ቀን ሲጠይቀው 24/11/89 ብሎ መታ። ከድሮው መዝገብ አንዱን ጠራ፤ ተከፈተ። ሌላውን ጠራ፤ ተከፈተ። ለጊዜው ሌላውን ሁሉ ረስቶ ደስ አለው፤ የእጅ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ደስታ ያውቀዋል። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ላጠውና ለጓድ ፈረደ ሊያሳየው አራት አድርጎ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። እዚህ ድረስ ሐሳቡ ንጹሕ ነበር ብለን እንመን። ከዚያ፣ ሙሉ በሙሉ መዳኑን ላረጋግጥ ብሎ፣ ዝርዝሩን አስጀመረ። ፕሪንተሩ እየጮኸ ስም መትፋት ጀመረ።

ጩኸቱን ሰምቶ ጓድ ፈረደ ከበረንዳው ገባ። የመጀመሪያውን ገጽ አንሥቶ ሲያነብ ፊቱ ፈታ አለ፤ የአካለ ወልድንም ትከሻ መታ መታ አደረገው።

«ጎበዝ! ምን ሆኖ ነው?»

«ቀን ነው ጓድ። የተሳሳተ ቀን ይገባበት ነበር። ማሽኑ የዛሬ ሰባት ዓመት ያለ እየመሰለው የድሮውን መዝገብ እንቢ ይላል።»

«ቀኑን የሚያስገባው ማን ነው?»

የአካለ ወልድ ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ በጣቶቹ መካከል ነው። ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ የኔታ እንዳሉት አንድ ቃል መናገር። «የጫነው ሰው ይጠየቃላ» ያለው ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ። ባንቺዓለም መጣችበት፣ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማ።

«ይርጋነሽ፣» አለ።

ውሸት አልነበረም። በየጠዋቱ ቀኑን የምታስገባው እሷ ናት። ጓድ ፈረደ ጻፍልኝ አለው፤ በሁለት መስመር ጽፎ ፈረመበት። ፕሪንተሩ ከጀርባው ስም ማውጣቱን አላቆመም፤ ከሦስተኛው ገጽ ላይ የአዳሙ ስም ወጣ።

ይርጋነሽን ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት አመጧት። ደብረ ማርቆስ ከመወሰዷ በፊት ርክክብ መፈጸም አለባት፤ የመንግሥት ንብረት ሳያስረክቡ መሄድ የለም። ላንድሮቨሩ ሞተሩ እንደተነሣ ደጅ ቆሟል። አካለ ወልድ የዋና መሥሪያ ቤቱ ተወካይ ነውና ተረካቢው እሱ ሆነ። ጓድ ፈረደ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ይርጋነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ዲስኮቹን በቁጥር አስረከበች። የኪቦርዱን ሽፋን፣ የዕለት መዝገቡን፣ ሁለት እስክሪብቶ። ከስክሪኑ ላይ አቧራ አየችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ቀጥሎ ቀና ስትል ባዶውን ግድግዳ አየች።

«አንድ ወረቀት ይጎድላል፣» አለች። «ጋሼ የጻፉልኝ። እዚህ ነበር። ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ በኋላ እንዳልጠየቅበት ይጻፍልኝ።»

አካለ ወልድ ግራ እጁን ኪሱ ላይ አደረገ።

«ደግሞ ፈንታነሽ ያለ እሱ አትችለውም፣» ብላ ጨመረች።

«ሌላ ይጻፍና እንሂድ!» አለ ጓድ ፈረደ።

አካለ ወልድ ንጹሕ ወረቀት ስቦ ዐሥሩን መስመር እንደገና ጻፈ። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም፤ ነበረው እንጂ፣ አላደረገውም። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ከዚያ «24/11/89» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ለርክክቡ እንድታየው አቀበላት።

ይርጋነሽ እንደ ልማዷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከላይ ጀምራ አነበበች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። ከማሽኑ ጎን የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ኅዳር አሥራ አምስት ነው። ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ከዚያ አካለ ወልድን፣ ረጅም ጊዜ። ቁጣ ቢያይባት ይሻለው ነበር። እሷ ግን አንድ የጠፋባትን ነገር እንዳገኘች ሁሉ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ያጠፋሁትን ባውቀው ይሻለኛል ብላው አልነበር?

የርክክቡን ቅጽ ወደ ራሷ ሳበች። ፈረመች። ከፊርማዋ አጠገብ «ቀን» የሚል ባዶ ቦታ ነበረ። እስክሪብቶዋን እንዳነሣች ቀና አለች።

«ቀኑን በየትኛው ልጻፍ፣ ጋሼ?»

አካለ ወልድ አዲሱን ወረቀት አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«በምን ልትጽፊ ኖሯል?» አለ ጓድ ፈረደ ከበሩ ላይ። «በአገርሽ ቀን ነዋ! ቶሎ በይ።»

እሷም 15/3/82 ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስረከበችው።